ዝገት የበላትን ቮልስ በግቢ ውስጥ ማደስ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ለዚህ እትም አሮጌ ትንንሽ መኪኖችን በቤት ውስጥ ስለ ማደስ የሚጠይቁትን መርጠናል። አብዛኞቹ ስለ ቮልስ ናቸው፤ የአዲስ አበባ ጎዳና እስከ ዛሬ ቮልስ አጥቶ ስለማያውቅ ይህ አያስገርምም። የላሜራም ሆነ የብየዳ ዋጋ መጽሔቱ ታትሞ እስኪወጣ ድረስ ስለሚለወጥ የገንዘብ መጠን አልጻፍንም፤ በምትኩ ገንዘቡ በምን ቅደም ተከተል መውጣት እንዳለበት ለማሳየት ሞክረናል።

ጥያቄ፦ አባቴ ያወረሱኝ ቮልስ ግቢያችን ውስጥ ከቆመች ብዙ ክረምት አልፏል። የሾፌሩን ምንጣፍ ሳነሣ መሬቱ ይታየኛል፤ ከበሩ ሥር ያለው ብረትም በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። አንድ የጋራዥ ባለሙያ አይቶ “ቀዳዳውን በፋይበርና በስቱኮ ደፍነን ቀለም ብንቀባት በአሥራ አምስት ቀን አዲስ ትሆናለች” አለኝ፤ ሌላው ደግሞ “አትድከም፣ ለቁራሌው ሽጣት” ብሎ መከረኝ። እኔ መምህር ነኝ፤ የመምህር ደመወዝ ደግሞ የታወቀ ነው። ቅዳሜና እሑድ ራሴ እየሠራሁ፣ የማልችለውን ብቻ እያሠራሁ ላድናት እችላለሁ? ከየትስ ልጀምር?
ከጉለሌ፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ ይችላሉ። ከሁለቱ ምክሮች ግን አንዱንም አይከተሉ። ሥራው የሚጀመረው ከታች፣ ከወለሉ ነው፤ ያለዎት ገንዘብ ትንሽ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ብር ለቀለም ቀርቶ ለሞተርም ቢሆን መውጣት የለበትም።

ቮልስ ከብዙዎቹ ትንንሽ መኪኖች የምትለየው ቦዲዋና ሻንሲዋ ተለያይተው የተሠሩ በመሆናቸው ነው። ሻንሲው በመሐል ከፊት ወደ ኋላ የሚያልፍ ጠንካራ ቱቦና ከቱቦው ግራና ቀኝ የተበየደ ስስ ወለል ነው፤ ቦዲው በዚህ ወለል ጠርዝ ላይ ተቀምጦ በብሎን ይታሰራል። በጎንና በጎን ወለሉ ላይ የሚያርፈው ከበሮቹ ሥር በሚሄዱት ሁለት ባዶ የብረት ሣጥኖች ሲሆን፣ እርስዎ በጣት ሲነኳቸው የሚፈረፈሩት እነዚህ ናቸው። ሣጥኖቹ ከሞተሩ የሚመጣውን ሙቅ አየር ወደ እግርና ወደ ፊት መስታወት ያደርሳሉ፤ ከዚህም በላይ ቦዲው ቅርጹን ጠብቆ የሚቆመው በእነርሱ ነው። ሙቀትና ቅዝቃዜ ስለሚፈራረቅባቸው ከውስጥ እርጥበት ይይዛሉ፤ በዚህም ምክንያት ዝገቱ የሚጀምረው ዓይን ከማያየው ወገን ስለሆነ ቀዳዳው በውጭ በኩል ሲታይ ውስጡ ካለቀ ቆይቷል ማለት ነው። ፋይበርና ስቱኮ ይህን ሸክም ሊሸከሙ አይችሉም። ስቱኮ ውሃ ስለሚጠጣ ከዛገ ብረት ላይ ሲለጠፍ እርጥበቱን አቅፎ ይይዛል፤ በአሥራ አምስት ቀን አዲስ የሆነችው መኪና በሚቀጥለው ክረምት ቀለሟ ይነፋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እንዲህ ላለው ሥራ ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ለምርመራ ይሁን፤ የሚያስፈልግዎትም አንድ ካቻቢቴና አንድ ማግኔት ብቻ ነው። ወንበሮቹንና ምንጣፉን በሙሉ ያውጡ። ማግኔቱን በቀጭን ጨርቅ ጠቅልለው በበሮቹ ታችኛ ክፍል፣ በበር ዓምዶቹ ሥርና በፓራፋንጎዎቹ (በጎማ መሸፈኛዎቹ) ዙሪያ ያስኪዱት፤ ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ሳይሆን ከዚህ በፊት የተለጠፈ ስቱኮ ነው። ከዚያም በካቻቢቴው እጀታ እያንኳኩ ያዳምጡ፤ ጤነኛ ላሜራ ይጮኻል፣ የተበላው ግን ድምፁ ይታፈናል። የታፈነውን በጫፉ ይውጉት። አይዘኑ፤ ካቻቢቴ የሚበሳው ላሜራ ድሮውንም መኪናዋን አልያዛትም ነበር።

የኋላ ወንበሩ ሲነሣ በቀኝ በኩል ባትሪው ይገኛል። ከባትሪው ሥር ያለው ወለል ብዙ ጊዜ ከሁሉ ቀድሞ ያልቃል፤ ምክንያቱም ዝናቡ ሳይሆን ከባትሪው የሚንጠባጠበው አሲድ ነው። ቦታውን በውሃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ያጥቡት፤ አረፋ ማውጣቱን ሲያቆም አሲዱ አልቋል ማለት ነው። ባትሪው ሲመለስ ክዳኑም መመለስ አለበት፤ የወንበሩ ሞላ ሰው ሲቀመጥበት ረግቦ የባትሪውን ጫፎች ከነካ እሳት ይነሣል። እዚያው የኋላ ወንበር ሥር፣ በመሐሉ ቱቦ ላይ ደግሞ የሻንሲ ቁጥሩ ተመትቷል። አንድ ብር ከማውጣትዎ በፊት ይህን ቁጥር አጽድተው ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ያመሳክሩ፤ ዝገት ካጠፋው ወይም ካልተገናኘ፣ ግራይንደር ከመነሣቱ በፊት ጉዳዩን ለተሽከርካሪ ምዝገባ ጽሕፈት ቤቱ ማስታወቅ ይሻላል። ወለሉ ሲለወጥ የመሐሉ ቱቦ ስለማይነካ ቁጥሩ በቦታው ይቀራል፤ በያጅዎም ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ቀጥሎ ውሃው የገባበትን መንገድ ይፈልጉ፤ ይህ ሳይታወቅ የሚሠራ ብየዳ ለጥቂት ዓመት ብቻ ነው። አንድ ሰው የእጅ ባትሪ አብርቶ ውስጥ ይቀመጥ፤ እርስዎ ከውጭ በጎማ ቱቦ ውሃ ያፍስሱ። ከፊት መስታወቱ ጎሚኒ ጥግ የሚገባው ውሃ ወደ ሾፌሩ እግር ይወርዳል፤ ከፊት ኮፈኑ ጎሚኒ የሚያልፈው ስኮርታ ጎማው ከተቀመጠበት ጎድጓዳ ውስጥ ይጠራቀማል። በበሩ መስታወት ጠርዝ የሚገባው ግን ጥፋት የለበትም፤ በበሩ ሥር ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች እንዲወጣ ታስቦ የተሠራ ነው። ቀዳዳዎቹ በአቧራና በቅጠል ሲደፈኑ ነው በሩ ከሥሩ የሚበሰብሰው። በአንድ ሽቦ ከፍቶ ማጽዳት ምንም አያስከፍልም።

አሁን ወደ ከባዱ ሥራ እንምጣ። መፍታቱ፣ ማጽዳቱ፣ መፋቁና የሥሩን ቀለም መቀባቱ የእርስዎ ድርሻ ነው፤ የአንድ እድሳት አብዛኛው ሰዓት የሚያልቀውም በእነዚህ ላይ ስለሆነ ቁጠባው ያለው እዚህ ነው። ፓራፋንጎዎቹ አራቱም በብሎን የታሰሩ ስለሆኑ ያለ ብየዳ ይወርዳሉ። ብሎኖቹ ከዛጉ ጉልበት አይጨምሩ፤ ዘይት አጠጥተው አሳድረው ይሞክሯቸው። የፈቱትን ሁሉ በየከረጢቱ ለይተው ስም ይጻፉበት፤ ከመፍታትዎም በፊት በስልክ ፎቶ ያንሡ። ለብየዳው ግን እውነተኛ በያጅ ይቅጠሩ፤ ለሳምንት ሳይሆን ሁሉም ነገር ተፍቆና ተለክቶ ሲጠብቀው ለሚፈጀው ቀን ብቻ።

በያጁ ከመምጣቱ በፊት ሁለት ነገር ይሟላ። አንደኛው ቤንዚኑ ነው፤ የቮልስ የቤንዚን ታንከር ከፊት ኮፈኑ ሥር ሲሆን የቤንዚን ቱቦው በመሐሉ የሻንሲ ቱቦ ውስጥ አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል። ስለዚህ ታንከሩ ወርዶ ከግቢው ራቅ ወዳለ ቦታ መሄድ፣ ቱቦውም ባዶ መሆን፣ ባትሪውም መነቀል አለበት። ባዶ ታንከር አያስፈራም የሚል ካለ አይስሙት፤ ከቤንዚኑ ይልቅ የሚፈነዳው በባዶው ውስጥ የቀረው ትነት ነው።

ሁለተኛው መደገፊያ ነው። ቮልስ ሁለት በር ብቻ ስላላት የበሯ ክፍት ሰፊ ነው። (መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት በተወሰዱባት ቮልስ ከኋላ ለመቀመጥ የፊት ወንበር መታጠፍ የነበረበትም ስለዚህ ነው።) ይህን ሰፊ ክፍት ከታች የሚይዘው ያ የበሰበሰው ሣጥን በመሆኑ፣ ሣጥኑ ያለ መደገፊያ ከተቆረጠ ቦዲው ይረግብና በሩ ከዚያ በኋላ አይዘጋም። ስለዚህ ከመቁረጡ በፊት ከፊተኛው የበር ዓምድ እስከ ኋለኛው ድረስ አንድ ብረት በጊዜያዊነት ይበየድ፤ ቦዲው ከሻንሲው ሳይፈታ አንዱ ጎን አልቆ ሌላው ይጀመር። አዲሱ ሣጥን ሙሉ በሙሉ ከመበየዱ በፊት እዚህም እዚያም ነጥብ ነጥብ ብቻ ተደርጎ በሩ ተገጥሞ ይዘጋ፤ በበሩ ዙሪያ ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል ካልሆነ ነጥቡን ፈልቅቆ ማስተካከል ቀላል ነው፣ ካለቀ በኋላ ግን አይቻልም። መኪናዋንም በጎኗ ባለው የክሪክ መሰኪያ አያንሷት፤ እርሱም ከዚያው ከዛገው ክፍል ጋር የተያያዘ ስለሆነ ክሪኩ ወለሉን ይዞ ሊወጣ ይችላል። ከፊት በጎማዎቹ መካከል ባለው ተሻጋሪ ብረት፣ ከኋላ ደግሞ በወፍራሙ ተሻጋሪ ቱቦ ሥር በጠንካራ ማቆሚያ ትቁም፤ በድንጋይና በብሎኬት ላይ ከቆመች መኪና ሥር አይግቡ።

ላሜራው ከ0.8 እስከ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጥቁር ላሜራ ይሁን። ለቤት ክዳን የሚሆነው ቆርቆሮ ርካሽ ቢሆንም ስስ ነው፤ ደግሞም በዚንክ የተለበጠ ስለሆነ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ በያጁን ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያስይዘዋል። በተራው የኤሌክትሮድ ብየዳ እንዲህ ያለ ስስ ብረት በቀላሉ ስለሚበሳ ጋዝ የሚጠቀመውን፣ ሽቦው ራሱ እየወጣ የሚበይደውን መሣሪያ ያለው ሰው ይፈልጉ። ሣጥኖቹን መርካቶ ላሜራ ማጠፊያ ያላቸው ቤቶች በልክ ያጥፉልዎታል፤ የተበላውን አሮጌ ሣጥን ቁራጭ ለናሙና ይዘው ይሂዱ፤ በውስጡ ያለውን የሙቅ አየር መንገድም እንዳይደፍኑት አሳስቧቸው።

ወቅቱም የሥራው አካል ነው። ብየዳውን ከጥቅምት በኋላ ጀምረው ከግንቦት በፊት ይጨርሱ። ብዙ ሰው የማያውቀው ተራው ፕራይመር እርጥበት የሚያሳልፍ መሆኑን ነው፤ ፕራይመር ብቻ ተቀብታ ክረምቱን ደጅ ያሳለፈች መኪና ከሥሩ ዝጋ ትገኛለች። ገንዘብ ካለቀብዎ ማንኛውንም ርካሽ የላይ ቀለም ደርበውባት ያቆዩዋት። የሚያምረው ቀለም ለሚቀጥለው ዓመት ቢቀር ምንም አይደለም።

ጥያቄ፦ ዝገትን ለማስወገድ የማይመከር ነገር የለም። አንዱ ኮካ ኮላ፣ ሌላው ሎሚ፣ ሌላው ናፍታ ይላል፤ ጎረቤቴ ደግሞ በየዓመቱ የተቃጠለ ዘይት ከመኪናው ሥር ይረጫል። በመጨረሻም ሁሉም በካትራሜ (ሬንጅ መሰል ጥቁር ቅብ) ሸፍነው ይረሱታል። የትኛው ነው ትክክሉ?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ መልሱ እንደ ዕቃው ይለያያል። ኮካ ኮላ ውስጥ ጥቂት ፎስፎሪክ አሲድ ስላለ ነገሩ ፈጽሞ ተረት አይደለም፤ ነገር ግን አሲዱ ደካማ፣ ስኳሩም የሚጣበቅ ስለሆነ ለእንግዳ ቢያቀርቡት ይሻላል።

ለሰፊው አካል፣ ማለትም ለወለልና ለቦዲ፣ መጀመሪያ የሚፈረፈረው ዝገት በሽቦ ብሩሽና በግራይንደር ይነሣ፤ መነጽርና የአፍ መሸፈኛ ሳያደርጉ አይሞክሩት። በትንንሾቹ ጉድጓዶች ውስጥ የሚቀረውን ቡናማ ዝገት ብሩሽ አያወጣውም፤ ለእርሱ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት የዝገት ማጥፊያ ይቀባል። ይህ አሲድ ዝገቱን ወደ ጠቆር ያለና ብረቱን ወደሚይዝ ፎስፌት ይለውጠዋል። አሲዱ የሚሠራው ግን ብረቱን መንካት ሲችል ብቻ ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ ናፍታ ወይም ላምባ የተቀባ ብረት በሳሙና ታጥቦ ካልጠራ አሲዱም ቀለሙም አይዙትም። ናፍታ የጠነከረ ብሎን ለማላላት ይጠቅማል፣ ዝገት ግን አያጠፋም።

ለትንንሽ ዕቃ፣ እንደ ማጠፊያ፣ ቅንፍና የበር እጀታ ላለው፣ ሲትሪክ አሲድ ወይም ኮምጣጤ በቂ ነው። በፕላስቲክ ባልዲ ያሳድሩት፤ ጠዋት በብሩሽ ፈትገው በውሃ፣ ከዚያም ሶዳ ባለበት ውሃ ያጥቡት። ወዲያው በፀሐይ ያድርቁት፤ እርጥብ ሆኖ ከቆየ በሰዓታት ውስጥ ብርቱካናማ ዝገት ይለብሳል። የዚያኑ ዕለትም ፕራይመር ወይም ዘይት ያስነኩት። ሁለት ነገር ግን እዚህ ባልዲ ውስጥ አይገባም፤ አንደኛው ካርቡራቶርና ማንኛውም የአሉሚኒየም ወይም የዚንክ ዕቃ ነው፣ አሲዱ ይበላዋልና። ሁለተኛው ሞላና ትልቅ ጉልበት የሚሸከም ጠንካራ ብሎን ነው፤ አሲድ ውስጥ የቆየ ጠንካራ ብረት ሳይታሰብ ሊሰበር ይችላል።

የባትሪ ቻርጀር ያላቸው ሰዎች የኤሌክትሪኩን ዘዴ ይወዱታል፤ እኔም ቅርጹ ለተወሳሰበ ዕቃ የምመርጠው እርሱን ነው። የልብስ ማጠቢያ ሶዳ በውሃ ይሟሟል፤ የቻርጀሩ ኔጌቲቭ ከሚጸዳው ዕቃ ጋር፣ ፖዚቲቩ ከማይፈለግ ቁራጭ ብረት ጋር ይያያዛል፤ ሁለቱ ውሃው ውስጥ ሳይነካኩ ይቆያሉ። አሲዱ ጤነኛውን ብረት ጭምር ሲበላ ይህ ዘዴ ግን ዝገቱን ብቻ ያነሣል። በሶዳው ፋንታ የገበታ ጨው አይጨምሩ፤ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ከፖዚቲቩ በኩል የማይዝግ ብረት አያስሩ፤ ውሃው ውስጥ መርዛማ ክሮሚየም ይለቃል። ሥራው የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ ደጅ ይሠራ፤ ቻርጀሩ ሳይጠፋም እጅዎን አያስገቡ።

ወደ ጎረቤትዎ እንመለስ። የተቃጠለ ዘይት ውሃ ያባርራል፤ ይሁን እንጂ ሞተር ውስጥ ሲሠራ የቆየ ዘይት አሲድና የብረት ብናኝ ይዟል፣ መሬቱንም ይበክላል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ቀን በያጅ ሲመጣ የሚቀጣጠለው እርሱ ነው። ካትራሜም ቢሆን በጸዳና ፕራይመር በተቀባ ብረት ላይ ሲሆን መልካም ነው፤ በዝገት ላይ ሲቀባ ግን ሲደርቅ ተሰንጥቆ ውሃ ያስገባል፣ ውሃው ግን ተመልሶ አይወጣም። እንዲህ ያለ መኪና ከሥር ሲታይ ጥቁርና ጤነኛ ይመስላል፤ የሚገዛ ሰው ካትራሜ የበዛበትን ቦታ በካቻቢቴ መውጋት አለበት።

እንደ በር ሥር ሣጥን ላለ ባዶ ቦታ ደግሞ ብየዳውና ቀለሙ ካለቀ በኋላ ሰም ያስፈልጋል። ንጹሕ ሰም በአዲስ የሞተር ዘይት ውስጥ፣ ዕቃው በፈላ ውሃ ላይ ተቀምጦ፣ በቀጥታ እሳት ሳይነካው ይቅለጥ፤ ሞቅ እንዳለ በቀጭን ቱቦ ወደ ውስጥ ይረጭ። ለጥቂት ቀን ማሞቂያው ሲከፈት የሰም ሽታ ይመጣል፣ ከዚያ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። አጎቴ አዲስ አበባ የ1967 ቮልሳቸውን እያደሱ ነው፤ ለገና ስመጣ ዕቃ ላመጣላቸው ቃል ገብቻለሁ። እዚህ በኢንተርኔት የማይገኝ የለም፤ ግን ምኑን ላምጣ፣ ምኑን ልተው?
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ ከመግዛትዎ በፊት አጎትዎ የሻንሲ ቁጥሩን ይላኩልዎ። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቁጥሩ ሦስተኛ አኃዝ የሞዴሉን ዓመት ያሳያል፤ በ117 የሚጀምር 1967፣ በ118 የሚጀምር 1968 ሞዴል ነው። ሞዴሉ የሚለወጠው በየነሐሴው ስለነበረ በ1967 መጨረሻ የተሠራች መኪና የ1968 ሞዴል ናት።

ይህን አጥብቀን የምንነግርዎት በአሜሪካ ገበያ ምክንያት ነው። ለአሜሪካ የተላከው የ1967 ሞዴል 12 ቮልትና ቀጥ ብሎ የቆመ የፊት መብራት ነበረው፤ የአውሮፓው የ1967 ሞዴል ግን ገና 6 ቮልት ሲሆን መብራቱም በመስታወት ተሸፍኖ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው። አጎትዎ ያላቸው የአውሮፓው ዓይነት ከሆነ በአሜሪካ ዝርዝር “1967” ተብሎ የሚሸጠው አምፖል፣ ሞተሪኖ ወይም የፊት ፓራፋንጎ አይሆንላቸውም። የመብራቱን ፎቶ ያስልኩ፤ የአንዱን አምፖል ቮልትም ያስነብቡ፤ ከዚህ በላይ ማረጋገጫ አያስፈልግም።

የሚመጣው ቀላልና እዚህ ጥራቱ የሚያጠራጥር ነገር ይሁን። ከሁሉ በፊት ጎሚኒ፤ የመስታወቶቹ፣ የበሮቹ፣ የኮፈኑ፣ በተለይም በቦዲውና በሻንሲው መካከል የሚገባው ረጅም ጎሚኒ። ቀጥሎ የፍሬን ሲሊንደሮችና የፍሬን ጎማ ቱቦዎች፣ የቤንዚን ጎማ ቱቦ፣ ፑንቲና (የማቀጣጠያው መገናኛ ነጥብ)፣ የካርቡራቶር መጠገኛ። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 ሲሆን እስከዚያ ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተሠሩ መለዋወጫ ዛሬም አልጠፋም። የበር ሥር ሣጥንና ፓራፋንጎ ግን ሻንጣ ስለማይበቃቸው እዚሁ ይታጠፉ ወይም ሶማሌ ተራ ይፈለጉ። ቀለም፣ የዝገት አሲድና ማንኛውም የሚቀጣጠል ፈሳሽ በአውሮፕላን ሻንጣ አይፈቀድም።

ጥያቄ፦ ቮልሴ ታድሳ ትሄዳለች፤ ነገር ግን በብርድ ጠዋት ማሞቂያውን ስከፍት የጭስ ሽታ ይመጣል፤ ወደ እንጦጦ ስወጣም ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል።
ከሽሮ ሜዳ

መልስ፦ ማሞቂያውን ዛሬውኑ ይዝጉት፤ እስኪሠራም መስታወት ከፍተው ይንዱ። በቮልስ ሙቅ አየር የሚገኘው አየሩ የጭስ ቱቦዎቹን በሸፈነው ክፍል ውስጥ ሲያልፍ ነው፤ የጭስ ቱቦው በዝገት ከተበሳ ጭሱ ከአየሩ ጋር ተደባልቆ ወደ ውስጥ ይገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ራሱ ሽታ የለውም፤ እርስዎ የሚያሸትቱት አብሮት የሚመጣውን ነው። በማርሚታው (በጭስ ድምፅ ማፈኛው) ላይ ብቻ ተደርቦ የሚበየድ ነገር መፍትሔ ስላልሆነ የተበሳው የማሞቂያ ክፍል ራሱ ይለወጥ፤ በመጋጠሚያዎቹ ያለው ጓርኒሲዮንም (ማሸጊያውም) ይታይ።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ ቮልስ ውሃ የላትም፤ የሚያበርዳት በቺንጋ የሚዞረው ትልቁ ማራገቢያና አየሩን በሲሊንደሮቹ ዙሪያ የሚመራው የላሜራ ሽፋን ነው። ሞተር የወረደበት ቮልስ ሲመለስ ከእነዚህ ሽፋኖች አንዱ ሁለቱ “ትርፍ ነው” ተብሎ ጥግ ይቀራል። ትርፍ የለውም። በሞተሩ ዙሪያ ያለው ጎሚኒም ከሌለ ከሥር ያለው ሙቅ አየር ተመልሶ በማራገቢያው ይሳባል። ሽፋኖቹ ሁሉ ከተሟሉ በኋላ ቫልቮቹን ሞተሩ ፍጹም በቀዘቀዘ ጊዜ በ0.15 ሚሊሜትር ያስተካክሉ፤ ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ ስለሆነ ጥቂት መጉደሉም ይሰማታል። የከተማችን አየር ስስ በመሆኑ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛል፤ ካንዴላው ጥላሸት ከለበሰ በካርቡራቶሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን አሳላፊ ቀዳዳ በጠበበ ይለወጥ። እንጦጦን በሁለተኛ ማርሽ ይውጡ፤ ማራገቢያው ከሞተሩ ጋር ስለሚዞር ሞተሩ ፈጠን ሲል ይበርዳል።

ጥያቄ፦ ያለኝ ቮልስ ሳይሆን ፊያት 600 ነው። ስለ ቮልስ የሚነገረው ሁሉ ለእርሱም ይሠራል?
ከድሬዳዋ

መልስ፦ ስለ ዝገት ማጽዳትና ስለ ቀለም የተባለው ይሠራል፤ ስለ ብየዳው የተባለው ግን ጥብቅ ሆኖ ይወሰድ። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው ፊያት 600 የተለየ ሻንሲ የለውም፤ ወለሉ፣ ጎኑና ጣሪያው አንድ አካል ናቸው። ስለዚህ የበሩ ሥር ብረት ሲበሰብስ የሚሸከመው ሌላ ነገር ከሥሩ የለም፤ ያለ መደገፊያ አንድ ቁራጭም አይቆረጥ። የሁለቱ ጎኖች ወለል በአንድ ጊዜ ከተበላ ሥራው ከግቢ ወደ ጋራዥ መሄድ አለበት። ሞተሩ ከኋላ ቢሆንም በውሃ የሚበርድ ነው፤ ራዲያተሩም እዚያው ከሞተሩ አጠገብ ስለሆነ በድሬዳዋ ሙቀት ከዝገቱ ቀድሞ ራዲያተሩን ያስጠርጉ።